“እንደተካተተ ይቆጠራል”፦ በባሕር ዳር የአንድ ሕንፃ ቁፋሮና በዋጋ ግምቱ ያልተጻፈው የሠራተኞች ደህንነት (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በተሠራ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ የደረሰው የአፈር መደርመስ ከሥራ ዕቅዱና ከዋጋ ግምቱ እንዴት እንደመነጨ፣ በዚያው ግቢ ሁለተኛው ሕንፃ ሲታቀድም ምን እንደተለወጠ ያስረዳል። አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የእርሱንም ሆነ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም አልጠቅስም። የመጀመሪያውን ሕንፃ የሥራ መጠን ዝርዝርና የምህንድስና ግምት ያዘጋጀሁት ግን እኔ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች የምተቸው ሰነድ የራሴ የእጅ ሥራ መሆኑን አንባቢ ከመነሻው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። የብር ዋጋዎችን ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየወሩ በሚለዋወጥበት ጊዜ በብር የተጻፈ ንጽጽር ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ስሌቱን በሜትር ኩብ፣ በሜትርና በቀን ማቅረቡን መርጫለሁ።

ቦታውና የሥራ መርሐ ግብሩ

ሕንፃው 18 በ24 ሜትር የሆነ፣ ለመኪና ማቆሚያ የታሰበ አንድ ቤዝመንት ያለውና ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ የሚወጣ ነበር። የቁፋሮው ጥልቀት 3.5 ሜትር ነው። የአፈር ምርመራው ከላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥቁር ዋልካ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀላ ያለ ሸክላማ አፈር እንዳለ ያሳያል። በምሥራቅ በኩል የጎረቤት የብሎኬት አጥር ከሕንፃው ጠርዝ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል።

የከርሰ ምድር ውኃ በምርመራው ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው በ3.9 ሜትር ጥልቀት ስለነበር፣ ዲዛይኑን የሠሩት ባልደረቦቼም ሆኑ እኔ ቁፋሮው ከውኃው በላይ ይቀራል ብለን አለፍነው። የምርመራው ጉድጓድ የተቆፈረው ግን ከጨረታው በፊት በነበረው ሚያዝያ ነው። የጣና ውኃ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ በዳርቻው አካባቢ ያለው የከርሰ ምድር ውኃም ዝናቡንና ሐይቁን ተከትሎ ይነሳል። ይህን የባሕር ዳር ጉድጓድ ቆፋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሰነዳችን ውስጥ ግን 3.9 የሚለው ቁጥር ወሩ ሳይጠቀስ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

መርሐ ግብሩን የወሰነው አፈሩም ሐይቁም አልነበረም፤ የወሰነው የበጀት ዓመቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ እስከዚያ ድረስ ውል ታስሮ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ የሚችለው ቅድሚያ ክፍያ ካልወጣ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል የሚል ስጋት በመሥሪያ ቤቱ ነበር። ስለዚህ ጨረታው በመጋቢት ወጣ፣ ውሉ በግንቦት መጨረሻ ተፈረመ፣ ስካቫተሩም በሰኔ አጋማሽ ሳይቱ ገባ። በባሕር ዳር ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑን እያወቅን፣ ጥልቁን ጉድጓድ የምንከፍተው በእነዚያው ወራት እንዲሆን በራሳችን እጅ ቀጠርነው። በጊዜው ይህ ለማንኛችንም የደህንነት ውሳኔ ሆኖ አልታየንም።

በሐምሌ የሆነው

ሐምሌ ሲገባ ቁፋሮው የታሰበው ጥልቀት ላይ ደርሶ፣ ከጉድጓዱ ግርጌ ከፍ ብሎ ውኃ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ተቋራጩ በሦስቱ ጎን አፈሩን በመጠኑ አጋድሞ ቆርጦታል፤ በምሥራቅ በኩል ግን ከአጥሩ የተነሳ ቦታ ስላልነበረው ቀጥ አድርጎ ተወው። ገልባጭ መኪና በጭቃው ምክንያት ወደ ግቢው መግባት ስላቃተው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አፈር በጉድጓዱ ጠርዝና በአጥሩ መካከል ተከመረ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሦስት ፌራዮዎች (ብረት አሳሪዎች) የመሠረት ፌሮ ለማሰር ወርደው ሳለ፣ የምሥራቁ ፊት 14 ሜትር ያህል ርዝመት ከነአጥሩ ተንሸራቶ ገባ። ሁለቱ አመለጡ። ሦስተኛው፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ እስከ ወገቡ ተቀበረና የግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። የወረደው አፈር 50 ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ሸክላማ አፈር ወደ 1.8 ቶን ስለሚመዝን፣ ወደ 90 ቶን ይጠጋል። ልጁን ያተረፈው ታስሮ የቆመው የኮለን (የሕንፃ ምሰሶ) ፌሮ አፈሩን ከፊቱ ከፍሎ ስላስቀረለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ የግቢው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ሳይወርድ ወደ ቀረው የጉድጓዱ ጠርዝ ወሰዱኝ። ከጠርዙ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቆበታል፣ ከዚያ አልፎ ያለው በጭቃ ተደፍኗል፣ በጭቃው ላይም የጎማ ጫማ ዱካ ይታያል። «ኢንጂነር፣ ስንጥቁንማ ከትናንት ወዲያ አይቸዋለሁ፤ ውኃ እንዳይገባበት ብየ ጭቃ ረግጨ ደፈንሁት» አሉኝ። ለማን እንደተናገሩ ስጠይቃቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ፎርማኑ ስሚንቶ ሊያመጣ ሄዶ ነበር፣ ሳይት ኢንጂነሩም ሌላ ሳይት ላይ ነበር። የውጥረት ስንጥቅ የመደርመስ የመጀመሪያ ምልክት መሆኑን ማንኛውም የአፈር መካኒክስ መማሪያ ያስተምራል። ምልክቱን በዓይናቸው ያዩት እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ያዩትን የሚቀበል ሰው በመርሐ ግብሩም ሆነ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ሥራው 23 ቀን ቆመ። አፈሩ እንደገና ወጣ፣ አጥሩ ተሠራ፣ ፓምፕ ሌትና ቀን ሠራ፣ ስካቫተሩም ሥራ ፈትቶ ኪራይ ቆጠረ። ወጣቱን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ሲሆን፣ ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል። ልጁ ግን የተቀጠረው ፌሮውን በኩንታል ሒሳብ በእጅ ዋጋ (የጉልበቱን ሥራ ብቻ ተዋውሎ) ከወሰደው ሰው ዘንድ ነበር፤ ተቋራጩ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ሲል፣ የእጅ ዋጋ ወሳጁም የሚከፍለው ስላልነበረው፣ የሕክምናውና የሦስት ወር ክፍያው የተገኘው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ቆሞ መሄድ የቻለው በአምስተኛው ወር ነበር።

ሰነዱ ምን ይል ነበር?

አሠሪው ምክንያቱን እንድናጣራ ሲጠይቀን መጀመሪያ የከፈትኩት የራሴን ሰነድ ነው። የቁፋሮው መስመር “ከ350 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ የጅምላ ቁፋሮ፣ በተራ አፈር፣ 1,512 ሜትር ኩብ” ይላል። 18 በ24 በ3.5 ማለት ነው፤ ልክ አፈሩ እንደ ቂጣ በቢላ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስል። አፈሩን ስለሚይዝ ድጋፍ፣ ስለ ፓምፕና ስለ አጥሩ የሚናገረው ስፔሲፊኬሽኑ (የአሠራር መግለጫው) ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሏል፦ “ተቋራጩ ለሠራተኞችና ለአጎራባች ንብረት ደህንነት አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሁሉ ያደርጋል፤ ዋጋውም በነጠላ ዋጋዎቹ ውስጥ እንደተካተተ ይቆጠራል።” ይህን ዓረፍተ ነገር ከሰነድ ወደ ሰነድ ስገለብጠው ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላስታውስም።

እንደተካተተ ይቆጠር እንጂ ተካቶ እንደሆነ ለማየት የተጫራቾቹን የነጠላ ዋጋ ትንተና አወጣሁ። ተጫራቾቹ አምስት ነበሩ። ያሸነፈው ድርጅት ለአንድ ሜትር ኩብ ቁፋሮ የስካቫተር ሰዓት፣ ኦፕሬተር፣ አራት የቀን ሠራተኛ፣ የፎርማን ሩብ ጊዜ፣ አካፋና ካሪዮላ፣ በላዩም 25 በመቶ ለአስተዳደር ወጪና ለትርፍ ጽፏል፤ አንድ ጣውላ ወይም አንድ የፓምፕ ሰዓት የለበትም። የሌሎቹ የሦስቱም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ የወጣው ተጫራች ብቻ ጣውላ፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶና ፓምፕ አስገብቶ የቁፋሮ ዋጋው ከአሸናፊው 40 በመቶ ያህል በልጧል። እኔ የግምገማው ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ በዚያ ተጫራች ትይዩ “የቁፋሮ ዋጋው ተጋኗል” የሚል ማስታወሻ የተጻፈው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ስለ ሕግ ጉድለት የሚነሳው ሙግት እዚህ ላይ ብዙም አያስኬድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በጊዜው ይሠራበት የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ግንባታ የሰዎችን፣ የሌሎች ግንባታዎችንና የንብረትን ደህንነት የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ግዴታው አለ፤ ግዴታው የሚከፈልበት መስመር ግን የለም። በዝቅተኛ ዋጋ በሚያሸንፍ ጨረታ ላይ መስመር የሌለው ነገር ሁሉ ቅናሽ የሚደረግበት ቦታ ይሆናል፤ ሕጉን በዋጋው ውስጥ ያከበረ ተጫራች ያከበረበትን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ተቋራጩን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣቴ አይደለም፤ ቀጥ ያለ የ3.5 ሜትር ፊት ሥር ሰው ማውረዱ የራሱ ጥፋት ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ በዚያ ወር፣ በዚያ ቅርጽ እንዲከፈት የተወሰነው እርሱ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

ስሌቱ እንደገና

ከዚያ በኋላ ያንኑ ጉድጓድ ሰው በደህና ሊሠራበት በሚችል ቅርጽ አሰላሁት። የተዳፋት መጠንን በሚመለከት የተጠቀምኩት በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ውስጥ ያለውን የአፈር ምድብ ነው፤ ደንቡ እኛን የሚያስገድድ ባይሆንም ለስሌት የሚመች ግልጽ ቁጥር አለው። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሸክላማ አፈር ሲሆን ለእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ጠርዙ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ውኃ የሚንጠባጠብበት አፈር ግን ወደ ደካማው ምድብ ወርዶ አንድ ሜትር ተኩል ይጠይቃል።

በዙሪያው 1 ሜትር የመሥሪያ ቦታ ሲጨመር የጉድጓዱ ወለል 20 በ26 ይሆናል። በምሥራቅ በኩል በአጥሩ ምክንያት ማጋደም ስለማይቻል 26 ሜትር በ3.5፣ ማለትም 91 ሜትር ካሬ የእንጨት ወይም የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል። ሦስቱ ጎን በደረቅ ወቅት ቢጋደም ጠቅላላ ቁፋሮው 2,253 ሜትር ኩብ ነው፤ በክረምት ቢጋደም 2,491። በሰነዱ ላይ የነበረው 1,512 መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ በደረቁ ወቅት እንኳ ግምቴ በ741 ሜትር ኩብ ጎድሏል፤ ይህም አፈር ተቆፍሮ፣ ተቀምጦ፣ ተመልሶ ተሞልቶ የሚጠቀጠቅ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው የ238 ሜትር ኩብ ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በአፈሩ ውስጥም በዲዛይኑ ውስጥም የለም፤ ያለው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ነው። የዋጋ ገማቹ መርሐ ግብሩን ሳያይ፣ መርሐ ግብር አውጪውም ግምቱን ሳያይ ሲሠሩ ይህ ቁጥር በየትኛውም ወረቀት ላይ አይወጣም፤ በእኛ ቢሮ ደግሞ መርሐ ግብሩ የሚወጣው ግምቱ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ነበር። አደጋው ያስወጣውን ወጪ ከ91 ሜትር ካሬ ድጋፍ ጋር ስናስተያየው፣ የልጁ አምስት ወር ሳይቆጠር፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘነው።

ሁለተኛው ሕንፃ

በግቢው ምዕራብ በኩል ሁለተኛ ሕንፃ ለመሥራት አሠሪው ሲነሳ፣ ስፋቱም ፎቁም ያው እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። በዚህኛው ግን ከሥዕል በፊት አርክቴክቱ፣ ስትራክቸራል ኢንጂነሩ፣ እኔና የአሠሪው ተወካይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ የመጀመሪያውም ጥያቄ «ድጋፉ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ድጋፍ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?» የሚል ሆነ።

አርክቴክቱ ሕንፃውን ከአጎራባቹ አጥር 3 ሜትር አራቀው፤ አጥሩ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሆነ። የምድር ወለሉን 1.2 ሜትር ከፍ አድርጎም ቤዝመንቱን ከፊል ቤዝመንት ስላደረገው ጥልቀቱ ወደ 2.3 ሜትር ወረደ፣ ከክረምት ውኃም ራቀ። በአራቱም ጎን አንድ ለአንድ ተጋድሞ፣ የመሥሪያ ቦታው ተጨምሮ፣ ጠቅላላ ቁፋሮው 1,456 ሜትር ኩብ መጣ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሰው ያለ ድጋፍ በደህና የሚሠራበት ይህ ጉድጓድ፣ እኔ በመጀመሪያው ሕንፃ ቀጥ አድርጌ ከገመትኩት 1,512 ያነሰ ነው።

ነፃ ነገር ግን አልነበረም። ወለሉ ከፍ ሲል ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ አስፈለገ፤ በ1 ለ12 ተዳፋት 14.4 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የፊት ለፊቱን ግቢ ቦታ በልቷል። አሠሪው በዚህ ጥቂት ተነጫንጯል።

መርሐ ግብሩን ለመለወጥ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር የተደረገው ንግግር ከምህንድስናው ይልቅ አድካሚ ነበር። የተስማማንበት መንገድ ዲዛይኑንና የጨረታ ሰነዱን በአሮጌው በጀት ዓመት ጨርሶ፣ አዲሱ በጀት ሐምሌ ላይ ሲለቀቅ ሰነዱ ቀድሞ እንዲጠብቀው ማድረግ ነው። በዚህም ጨረታው በክረምቱ ውስጥ አልቆ፣ ሳይቱ በታኅሣሥ ተረክቦ፣ ቁፋሮው በጥር ተጀምሮ፣ የመልሶ ሙሌቱ ሥራ ከዝናቡ በፊት ተጠናቀቀ። በጥር ወር ከጉድጓዱ ግርጌ አቧራ ይነሳ ነበር።

በሥራ መጠን ዝርዝሩ ውስጥ ደህንነት ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ተጫራቾች በዋጋ እንዳይሻሙበት ገንዘቡ በአሠሪው ተወስኖ የተቀመጠ ሲሆን፣ የሚከፈለውም በቦታው ተለክቶ ለታየው ብቻ ነው። ለዚህ ክፍል መጠን ማውጣት የሚቻለው ከመርሐ ግብሩ ጋር ተያይዞ ሲሠራ እንደሆነ የተረዳሁት የሶሌታ (የየፎቁ የኮንክሪት ወለል) ጠርዝ መከላከያውን ስገምት ነው። የሕንፃው ዙሪያ 84 ሜትር ነው፤ ጣሪያውን ጨምሮ አምስት ሶሌታ ስላለ 420 ሜትር መከላከያ ይመስላል። መርሐ ግብሩ ሲታይ ግን ግድግዳው ሶሌታውን እየተከተለ ስለሚወጣ በአንድ ጊዜ ጠርዛቸው ክፍት የሚሆነው ሁለት ወለሎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ እየተነሳ የሚተከል 168 ሜትር ይበቃል። በ420 ቢገመት አሠሪው ገና ሲያየው ይሰርዘው ነበር። የመወጣጫ ስካፎልዲንጉም በተመሳሳይ መንገድ 84 በ17 ሜትር ከፍታ፣ 1,428 ሜትር ካሬ ተብሎ ከቆይታ ወሩ ጋር ተለካ፤ ከመራዊ በኩል በአይሱዙ እየመጣ በገመድና በሚስማር የሚታሰረው ባሕር ዛፍ ቀርቶ በብረት እንዲሆንም ተጻፈ። በየቀኑ ጠዋት ሰው ከመውረዱ በፊት የጉድጓዱን ጠርዝ ዞሮ አይቶ የሚፈርም የደህንነት ሠራተኛም በወር ተቆጥሮ ገባ። ክፍሉ በድምሩ ከውሉ ዋጋ 2.6 በመቶ ሆነ።

ያልተሳካልን

በሁለተኛው ሕንፃ ላይ የአፈር መደርመስም ሆነ ከከፍታ መውደቅ አልደረሰም፤ ይህን ያህል ብቻ ነው ማለት የምችለው፣ አንድ ሕንፃ አንድ ሕንፃ ነውና። የተሳሳትኩት በጫማ ነው።

የሠራተኛ መርሐ ግብሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሠራበትን ቀን 64 ሰው ብሎ ስለነበር 64 ሄልሜትና 64 ሴፍቲ ጫማ ጻፍኩ። ሄልሜቱ በቃ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጫማው ግን በሰባተኛው ወር 118 ደርሶ ነበር። የቀን ሠራተኛው አብዛኛው ከአካባቢው ገጠር የሚመጣ በመሆኑ በሰኔ ለእርሻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳና ለውቂያ ይሄዳል፤ በምትኩ ሌላ ሰው፣ ሌላ እግር ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስካፎልዲንጉ ላይ የደህንነት ቀበቶ ያሰሩ ግንበኞችም አየሁ፤ መንጠቆው ግን ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ምክንያቱም ቀበቶውን በቁጥር ስገምት የሚታሰርበትን የሕይወት ገመድ በሜትር ሳልገምት ቀርቻለሁ።

አንድ ቀን ውኃና ሞርታር የሚያመላልሱ አራት ሴቶች በነጠላ ጫማ ሆነው ስላየኋቸው የደህንነት ሠራተኛውን ጠራሁት። ስቶሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ያልተነኩ ጫማዎች ተደርድረዋል፣ ትንሹ ቁጥር 41 ነው። ከሴቶቹ አንዷ «ኢንጂነር፣ ሞክሬው ነበር፤ ደረጃ ላይ አውልቆ ጣለኝ» አለችኝ። ተቋራጩ ከገበያ የገዛው ያገኘውን ነው፤ እኔም የጻፍኩት “ሴፍቲ ጫማ፣ ቁጥር 64” ብቻ ነበር፣ 64ቱ የጫማ ብዛት ነው እንጂ ልክ አይደለም።

ለሦስተኛው ሥራ አሁን በእጄ ባለው ረቂቅ ላይ የጫማው መስመር ከ36 ጀምሮ በየልኩ ተከፍሏል፣ ብዛቱም ከሠራተኛ መርሐ ግብሩ ጋር የወቅት ለውጡን ቆጥሮ 110 ሆኗል፤ ከሥሩ የሕይወት ገመድ በሜትር ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ረቂቁ ከአሠሪው ዘንድ ሲመለስ፣ በጫማው መስመሮች ትይዩ በእርሳስ “በአንድ መስመር ተጠቃሎ ዋጋው ተካቷል ቢባል?” የሚል ጥያቄ ተጽፎበት አገኘሁት። ልኮቹን እንዳሉ ትቼ፣ የመጀመሪያውን ሕንፃ የቁፋሮ ዋጋ ትንተና ኮፒ አያይዤ መልሼ ልኬዋለሁ።